የምታልፈዋ ኮከብ

የሳይንስ ውድድሩ ዳኛ ሊደርሱ ሁለት ጠረጴዛ ሲቀራቸው ሳብሪያ ቀና ብላ ፖስተራቸውን አየች። የሠንጠረዡ ሁለተኛ ረድፍ ትናንት ከሞጣ ሲነሱ ምንም አልተጻፈበትም ነበር። አሁን ሞልቷል፤ አምስት ቁጥር፣ በጓደኛዋ በብሩክታይት ቆንጆ እጅ ጽሑፍ።

«መቼ ለካሽው?» አለች በሹክሹክታ።

«ወደ ቢቸና ስንመጣ፣ መኪና ውስጥ። በጭንቅላቴ፤» ብሩክታይት ሳቅ አለች። «አታካብጂ ባክሽ።»

ሥራቸው ስለ ወጣት ከዋክብት ነበር። አዲስ በተወለደ ኮከብ ዙሪያ የጋዝና የአቧራ ሳህን ይሽከረከራል፤ ፕላኔቶች የሚሠሩት ከዚያ ነው። ሌላ ኮከብ በቅርብ ካለፈ ግን የሳህኑን ጠርዝ በስበቱ ይነጥቀዋል፤ እዚያ ሊፈጠር የነበረ ዓለም ሳይፈጠር ይቀራል። ሳብሪያ ይህን ያነበበች ቀን ምሳ አልበላላት ብሎ ነበር።

ያንን ለማሳየት ከአጎቷ ከአብዱልሐኪም ብየዳ ቤት የብረት ብናኝ ጠርገው አመጡ። ከሥሩ ማግኔት በተለጠፈበት የአልሙኒየም ክዳን ላይ በትነውት አንዷ ክዳኑን ታሽከረክራለች፤ ሌላዋ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይዛ በጠርዙ ታልፋለች። የተነጠቀውን ብናኝ በሳብሪያ አባት የቅመም ሚዛን ይለኩታል። ማግኔቷ ከክዳኑ ጋር በአንድ አቅጣጫ ስትሄድ አምስቴ ለኩ። በተቃራኒው ሊለኩ ሲሉ ሚዛኑ ለገበያ ተፈለገ።

ብሩክታይት ታዲያ ተቃራኒው ብዙ እንደሚነጥቅ አድርጋ ሞላችው። «ፊት ለፊት የመጣ ባጃጅ አይደል የሚያደቅሽ?» አለች።

ሳብሪያ ነገሩን አሰበችው። ባጃጅ ይጋጫል፤ ኮከቧ ግን አትጋጭም፣ ታልፋለች። ከፊት የመጣችው ቶሎ ታልፋለች። ብዙ የምትወስደው ጎን ለጎን የምትሄደዋ ናት፣ ስለምትቆይ። ይህን ዳኛው ሳያውቁት አይቀሩም።

ነገሩን ስትነግራት የብሩክታይት ፊት ጠቆረ። አባቷ መሪጌታ ይታያል ልጄ ከቢቸና አልፋ ባሕር ዳር ለውድድር ልትሄድ ነው ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አውርተዋል። «ለዳኛው ብትናገሪ ሁለተኛ ከቤት አያስወጡኝም፤» አለች። «እኔና አንቺም አበቃን።» ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሳብሪያ አጠገብ የተቀመጠ ሌላ ሰው የለም።

ዳኛው መምህር ወልደ ኪዳን መነጽራቸውን እያስተካከሉ ደረሱ። ጣታቸው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆመ። «ይሄ ይገርማል። እንዴት አድርጋችሁ ለካችሁት?»

ብሩክታይት የሳብሪያን ቀሚስ ከኋላ ጨምድዳ ያዘች።

«አልለካነውም፤» አለች ሳብሪያ። «ዝም ብለን ሞላነው። ሚዛን ካለ አሁን እንለካዋለን።»

መምህሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ቀሚሷ ተለቀቀ። ሳብሪያ ብናኙን በተነች። ክዳኑን የሚያሽከረክርላት ሰው ያስፈልጋታል፤ ወደ ብሩክታይት ግን ዞራ አላየችም። ማግኔቷን አንስታ፣ ጠርዙ ጋ ይዛ ጠበቀች።