ያልጠፋው ዱካ

የደረቀ ጉቶ የመኪናውን ራዲያተር በሳው። ሁሉን አውቃለሁ ባይዋ ዴልማ የቀረውን የመጠጥ ውሃ ሳታስብ ገለበጠችበት፤ ቀዩ አሸዋ ከሥር ተቀብሎ ጨለጠው። የእህቷን ልጆች፣ ሌሮይንና ትንሿን ታሪሳን፣ ኒኑ የምትባለዋን እንስሳ ላሳያችሁ ብላ ነበር ከመንደር ያወጣቻቸው። የቀትሩ አውሎ ነፋስ የጎማውን ዱካ ልሶ ሲያበቃ መመለሻው ጠፋት።

ታሪሳን አዝላ ጉብታውን ስትወርድ ሁለት የዱር ውሾች ተከተሏቸው። ሌሮይ ድንጋይ እየወረወረባቸው ወደ ደረቀው ረግረግ ገቡ። እዚያ ዴልማ ቀጥ አለች።

በጭቃው ቅርፊት ላይ ሰፊ የሴት እግር አልፏል፤ ትንሿ ጣት ወደ ውጭ የዞረች። በእነሱ መንደር ሰውን በእግሩ ዱካ የማይለይ የለም፤ ይህ የሴት አያቷ ነበር። አያቷ ሲሞቱ ነፍሳቸው ዱካቸውን ይዛ እንዳትመለስ ደጁንም መንገዱንም በቅርንጫፍ ጠርገዋል፤ ስማቸውንም ከዚያ ወዲህ የጠራ የለም። በሕይወት ሳሉ በክረምቱ ዝናብ እዚህ ጭቃ ላይ መራመዳቸውን ግን ማን አስታወሰ?

«እሳቸው ናቸው?» አለ ሌሮይ።

«አፍህን ያዝ።»

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ውሃ ወዳለበት ነዋ። ለሽርሽር መሰለህ?»

መከተል ሙት መጥራት ነው። ታሪሳ ግን ስታለቅስ እንባዋ መውጣት አቁሟል። ዴልማ ሌሮይን አስቀድማ እያንዳንዱን ዱካ እንዲጠፋ በባዶ ተረከዟ እየፈጨች ተከተለች። እግሯ ሁሉም ውስጥ ልክ ይገባ ነበር። ቅርፊቱ ቀጭ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ከኋላቸው ደግሞ፣ ቀጭ። ዞር አላለችም።

ዱካው ባበቃበት ዓለት ሥር የዱር ግመሎች የደረቀ የውሃ ጉድጓድ ከበው ቆመዋል። ወንዱ አረፋ እየደፈቀ መጣባቸው። ዴልማ እሾሃማውን ሣር በክብሪት ለኮሰችው፤ እሳቱ ቦግ ሲል በርግገው ጠፉ። ዴልማና ልጆቹ ጉድጓዱን በእጃቸው ቆፈሩ። መጀመሪያ ጭቃ መጣ፣ ከዚያ ውሃ።

ሲመሻሽ ኒኑ ከመኖሪያ ጉድጓዷ ብቅ አለች፤ የጥንቸል ጆሮ፣ ሹል አፍንጫ፣ ጫፉ የነጣ ጅራት።

«ልጇስ?» አለች ታሪሳ በሹክሹክታ።

«ሆዷ ላይ ከረጢት አላት፣ እዚያ ውስጥ ነው። አፉ ወደ ኋላ ነው የሚከፈተው፤ ስትቆፍር ልጇ አሸዋ እንዳይበላ።»

ይህን ማን እንዳስተማራት አልተናገረችም።

ጠዋት ጭሱን ያዩ የመንደሩ ሰዎች ደረሱ። የዴልማ አክስት ማርሊን ውሃውን ማን እንዳሳያቸው ጠየቀች።

«ኒኑ» አለ ሌሮይ።

ማርሊን የዴልማን የደማ ተረከዝ ትኩር ብላ አየች። ቅርንጫፍ ቆርጣ ሁሉንም አስቀደመች፤ ዴልማ ወደ መንደሩ ሰዎች መኪና ስትራመድ፣ ማርሊን የሞተ ነፍስ እንዳይከተላት ከኋላዋ የእግሯን ዱካ እየጠረገች ተከተለቻት።