የሞላሌው የፊልም ጥቅል

አቶ ይሥሐቅ በደረታቸው ተደፍተዋል። ጭንቅላታቸው ከኋላ እንደ ሸክላ ተፈርክሷል፤ ደማቸው ግድግዳው ላይ እስከተሰቀሉት ፎቶዎች ድረስ ተረጭቷል። የገደላቸው ነገር አጠገባቸው ወድቋል፦ የፊልም ማጠንጠኛው የብረት እጀታ፣ ጫፉ ላይ ሽበት ተጣብቆበት።

ኢንስፔክተር ማናለብሽ ሞላሌ ስትደርስ ሬሳውን እንኳ በወጉ ለማየት ፋታ አላገኘችም። የሟች ወንድም ጋሽ ቅጣው የጠመንጃቸውን አፈሙዝ በሟች ሠራተኛ በዘነበች ጉሮሮ ላይ ደግነው ቆመዋል።

«ወንድሜ ሳይገነዝ ደሙን እመልሳለሁ! አንቺ ልጅ፣ ዞር በይ!»

«ጋሽ ቅጣው፣ መተኮሱስ መቼም አያቅትዎትም። እሷ ካልሆነችስ? የሞተ ሰው ይቅርታ አይቀበልም። እስኪገነዝ ድረስ ለእኔ ይተዉልኝ።»

አፈሙዙ ዝቅ አለ። ጣታቸው ግን ከቃታው አልተነሳም።

አቶ ይሥሐቅ ይህችን የድንጋይ ቤት፣ ሲኒማ በበቅሎ ተጭኖ መንዝ በገባበት ዘመን ለተነሱ ፎቶዎችና ፊልሞች ማስቀመጫ አድርገዋታል። ብርዱ ለፊልም ይስማማል ብለው እሳት አያስገቡም ነበር፤ የእንግዳው ጥርስ ቢንገጫገጭ ግድ የላቸውም። የዘነበች ሥራ ደግሞ ፎቶዎቹን እየጠረገች ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ነው።

«ቀሚስሽ ላይ ያለው ደምስ?» አለቻት ማናለብሽ።

«ቀና ላደርጋቸው ስል ነው። ሞተው ነው ያገኘኋቸው።»

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣላን እንጂ! አዲስ ያገኙትን ጥቅል አሳዩኝ ስላቸው፣ ‹መጀመሪያ መምህር ጫኔ ይየው፣ ድንገት ሰምቶ እንዳያዝን› አሉኝ። ጮህኩባቸው።» እንባዋ መጣ። «በጩኸት ተለያየን።»

መምህር ጫኔ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። በመንዝ የመጀመሪያውን ሲኒማ ያሳዩት የእሱ ቅድመ አያት ናቸው ብሎ መጽሐፍ እየጻፈ እንደሆነ ያልነገረው ሰው፣ ምናልባት ከሞላሌ በጎች መሀል ይገኝ ይሆናል።

«መምህር፣ ምን አዩ?»

«ዘነበች በጓሮ ስትሮጥ አየኋት። ስገባ እሱ ወድቋል፣ ያ ጥቅል ቦግ ብሎ ይነድዳል። ባናዬን ከትከሻዬ አውርጄ፣ ውሃ ነክሬ ጣልኩበትና አፈንኩት። መንዜ አይደለሁ? ከዚያ ጩኸት ላሰማ ወጣሁ።»

«ውሸት! እኔ የገባሁት የእሱን ጩኸት ሰምቼ ነው!» አለች ዘነበች።

ማናለብሽ መሬት ላይ የተዘረጋውን የበግ ጠጉር ባና ገለጥ አደረገች። ዘርፉ ብቻ ተለብልቧል፤ ሌላው ደህና ነው። ከስሩ የወረቀት አመድ፣ ግማሽ የተቃጠሉ ፎቶዎችና ባዶ የፊልም ቆርቆሮ አሉ። ባናውን መልሳ ከደነችው።

ሬሳው ተገንዞ ሲያበቃ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጋሽ ቅጣው ጠመንጃቸውን አቀባብለዋል።

«ዘነበች፣ የማይረባ የፊልም ቁራጭ አምጪልኝ።»

ቁራጩን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ለኮሰችው። ወዲያው የራሷን ባና ውሃ ነክራ ደፋችበት።

«ተማሪ ሳለን ጋሽ ይሥሐቅ እዚህ አስመጥተውን ነበር» አለች። «እንዲህ ያለ ቁራጭ ለኩሰው ባልዲ ውሃ ውስጥ ከተቱት። ውሃ ውስጥ ነደደ! አስማት ነው ብዬ በአጥር ዘልዬ ነው የወጣሁት።»

ባናው ጨሰ። መሀሉ ጠቆረ፣ ተበሳ፣ ነበልባል ምላሱን አወጣ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አለ።

«የድሮ ፊልም ታፍኖም ይነድዳል። በመምህሩ ባና ስር ፊልም ነድዶ ቢሆን ኖሮ ባናው ወንፊት በሆነ ነበር። ባናው ያፈነው ወረቀት ነው። ስለዚህ ጥቅሉ አልነደደም፤ ነደደ ያለን ሰው ዋሽቷል። ታዲያ ጥቅሉ የት አለ? ቤቱ ተፈትሿል፤ ዘነበችም ተፈትሻለች። እናንተ አክብራችሁ ያልፈተሻችሁት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አንድ ፍንጣሪ ወደ ጫኔ በረረች። እንደ እብድ ጮኸ። ካፖርቱን ሲበጥሰው ቁልፎቹ ተበተኑ፤ ከሆዱ ላይ የሰሃን ያህል ጥቅል መዝዞ ወረወረ።

 የጋሽ ቅጣው ጠመንጃ ሰደፍ የጫኔ መንጋጋ ላይ አረፈ፤ ጥርሱ ከደም ጋር አመዱ ላይ ወደቀ። አፈሙዙ ግንባሩ ላይ ተተከለ።

ማናለብሽ ጥቅሉን አንስታ መሀል ገባች።

«ይተኩሱ። ግን ወንድምዎ የሞቱለት ይሄ ነው፤ የአንድ ጥይት እሳት ይበቃዋል።»

ሽማግሌው ጠመንጃውን መሬት ላይ ጥለው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«የቅድመ አያቴን ስም ሊያጠፋ ነበር» አለ ጫኔ፣ ካቴናው ሲገባለት። «እሳቸው ይኖሩበት ይሆናል ብዬ ግን ማቃጠሉ አቃተኝ።»

ዘነበች የጥቅሉን ጫፍ ወደ ፀሐይ አነሳች። ጥቃቅኖቹን ሥዕሎች እያየች ብዙ ቆየች።

«ማሽኑን የሚያዞሩት...» ጥቅሉን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ፎቷቸው ቤታችን የተሰቀለው ሰውዬ ናቸው። የእኔ ቅድመ አያት።»

ከዚያ ወደ ጫኔ ዞረች።

«የአንተም አሉ።»

«የት?» አለ፣ ደም በሞላው አፉ።

«በቅሎዋን ይዘዋል።»