ሽማግሌዎቹ የተቀመጡ ዕለት

ነገሩ ሁሉ የመጣው በኳርተርባክ ሰበብ ነው። በአሜሪካ ፉትቦል ኳሷን ይዞ ለማን ልወርውር ብሎ የሚወስነው ሰው ኳርተርባክ ይባላል። ቡድኑ ሲያሸንፍ የሚሞገሰው እሱ፣ ሲሸነፍ የሚረገመውም እሱ። የሚኒሶታ ቡድን ደግሞ፣ ደጋፊዎቹን ካመናችሁ፣ ይኼን ሰው ሲፈልግ ዕድሜውን የጨረሰ ቡድን ነው።

እዚያው ሚኒሶታ፣ ሆፕኪንስ ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ምሳ ሲበላ ወንዶቹ ስለ ስብከቱ ጥቂት ያወራሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ቀጣዩ ኳርተርባክ ከየት ይምጣ ነው። ጌታ ይታገሣቸዋል መቼም!

የክርክሩ አውራዎች ሁለት ናቸው፦ የከተማ አውቶቡስ የሚነዱት ጋሽ ሐብተማርያምና የልብ ወዳጃቸው ጋሽ እንግዳ።

«ያለቀለት ሰው ይግዙ!» ይላሉ ጋሽ ሐብተማርያም። «ሌላ ቡድን ውስጥ ተፈትኖ ያለፈ፣ ሪከርዱ የሚታይ ሰው! ጌታ ይቅር ይበለኝና፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

«ደህና ቢሆን ኖሮ ባለቤቶቹ ይለቁልህ ነበር?» ይመልሳሉ ጋሽ እንግዳ። «ከኮሌጅ ተጫዋቾች በየዓመቱ በሚመረጥበት በድራፍቱ ጎበዝ ልጅ ይምረጡ። ቤንች ላይ አስቀምጠው ያስተምሩት፣ ይታገሡት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ቀስ በቀስ ስንል እኮ ነው የሸበትነው!»

ይኼን ጊዜ ጠረጴዛው በሳቅ ይሞላል። የጋሽ ሐብተማርያም ልጅ ኢያኤል ደግሞ ሰሃን ታነሳለች ሲሏት እዚያው ትገተራለች። ፉትቦልን ለአባቷ ያስተማረችው እሷ ናት። ገና በመጡ ሰሞን፣ አባቷ እንግሊዝኛው ሲያስቸግራቸው፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላ የተንታኞቹን ወሬ ወደ አማርኛ ትመልስላቸው ነበር። ዛሬ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ትልቅ ሴት ሆናም ክርክር ሲነሳ እግሯ አይንቀሳቀስም።

አንድ እሁድ ወንበር እያጠፈ ይደረድር የነበረ ረጅም ልጅ ሥራውን አቁሞ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። ቢራቱ ይባላል። ከወለጋ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አጎቱ ኦቦ ኤዶሳ ቤት ይኖራል።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለ። «ያ የሚመርጡት የኮሌጅ ልጅ ከትልልቆቹ ጋር ገና አልተጫወተም አይደል? ታዲያ ጎበዝ እንደሚሆን በምን ያውቃሉ?»

ጋሽ እንግዳ ወንበራቸውን ወደ ልጁ አዞሩ። ይኼን ሁሉ ዓመት ሲከራከሩ ይኼን ጥያቄ ያነሳ ሰው አልነበረም።

«አያውቁም» አለች ኢያኤል። «ያስሮጡታል፣ ያስወረውሩታል፣ እጁን ሳይቀር ይለኩታል። ከዚያ ይገምታሉ።»

«በዚያ ሁሉ ገንዘብ ይገምታሉ?»

«አዎ።»

«ደፋሮች ናቸው!» አለ። አላሾፈም፤ የምር ገርሞታል። ዐይኑ እሷ ላይ ትንሽ ቆየና አፍሮ ወደ ወንበሮቹ ተመለሰ።

ኢያኤልን የያዛት ይኼ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚቀርቧት ወንዶች ሁሉ የሚያውቁትን ነበር የሚነግሯት። ይኼ ግን የማያውቀውን ሳያፍር ይጠይቃል። ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ሌላ ምን ይጠይቅ ይሆን ብላ አሰበች፤ ብቻዋንም ሳቀች።

ጠየቀም፤ ያውም ሳያቋርጥ! በሚቀጥለው እሁድ «ከኳርተርባኩ ፊት የሚቆሙት ወፍራሞቹ ሰውዬዎች ኳስ ሳይነኩ ሲዝኑን ይጨርሳሉ፤ አይከፋቸውም?» አላት። ሌላ ቀን ደግሞ ቤንች ላይ ያለው ኳርተርባክ የፊተኛው እንዲጎዳ በልቡ ይመኝ እንደሆነ ጠየቃት። እንዲህ እያለ ጥያቄው ከሜዳው ወጣ። ሐይቅ ላይ በረዶ ቀደው ዓሣ የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ምን እንደሚያወሩ፣ የሰው አፍ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስታይ ስትውል ምን እንደምታስብ፣ ሁሉን ማወቅ ይፈልጋል። ቀን ኤሌክትሪሺያን ሥር ሙያ የሚለማመድ አፕረንቲስ ነው፤ ማታ ይማራል። ድክም ብሎትም ይጠይቃል።

ኅዳር ላይ፣ ብርዱ ፊት በሚገርፍበት እሁድ፣ የኢያኤል መኪና ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ አልነሳም አለች። ቢራቱ የአጎቱን መኪና አቀረበና ባትሪውን በኬብል አያያዘላት። እስኪሞላ ድረስ ገብተው ተቀመጡ።

«ኳርተርባኩ ከመወርወሩ በፊት ምኑን ነው የሚያየው?» አላት።

«ኳሷን የሚቀበለው ሰው ያለበትን አይደለም። የሚደርስበትን ቦታ ነው። ጎበዙ ኳርተርባክ ሰውየው ሳይደርስ ነው የሚወረውረው።»

«ካልደረሰስ?»

«ኳሷ ትወድቃለቻ!»

መስታወቱ በትንፋሻቸው ጉም ለብሷል። ቢራቱ እጆቹን እያፋተገ አንድ ነገር ሊል ፈልጎ ተወው፤ እሷም ገባት፤ አላገዘችውም።

«አንቺስ?» አላት በመጨረሻ። «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ኢያኤል ልትመልስ ስትል ድንገት ዕንባዋ መጣ። ምን ሆንሽ፣ ምን ልርዳሽ፣ መቼ ታገቢያለሽ ሁሉ ተብላለች። ይኼን ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

«አንተን» አለችው።

ባትሪው ከሞላ ቆይቶ ነበር። ሁለቱም አላስተዋሉም።

አባቷ ግን ሌላ ሰው አስበውላታል። አክሊል ይባላል። ዉድበሪ ከተማ ቤት ገዝቷል፣ ሆስፒታል ጥሩ ሥራ አለው፣ ቤተሰቡ የተከበረ ነው፣ ጸባዩም እንከን አይወጣለትም። «ያለቀለት ልጅ!» ይላሉ ጋሽ ሐብተማርያም፤ ቃሉን ከየት እንዳመጡት ኢያኤል ታውቃለች።

ስለ ቢራቱ ስትነግራቸው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ልጁን አልጠላሁትም» አሉ። «ግን ገና ጥሬ ነው፣ ልጄ። ትምህርቱ ገና ነው፣ አገሩን ገና አላወቀውም። ትምህርቱን መንገድ ላይ ቢተወውስ? እኔ በግምት ልጅ አልድርም።»

ኢያኤል ለቢራቱ እቅጩን ነገረችው። «ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም። እወድሃለሁ፤ ግን አባቴን አሳዝኜ የምሠራው ቤት አይሞቀኝም።»

«ታዲያ እንዴት ነው የሚጠየቁት?»

«ሽማግሌ ላክ። እምቢ ካሉ ግን ይበቃናል፤ ደጅ እያስጠናሁ ዕድሜህን አልበላም።»

እንግዲህ ቢራቱ ማንን ይልካል? አባቷን በደንብ የሚያውቀውን ነዋ! ጋሽ እንግዳን ለመነ። ኦቦ ኤዶሳና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ወንድም ሐጌም ታከሉ። ቀኑን የመረጡት ጋሽ እንግዳ ናቸው። ጨዋታው ከሰዓት በኋላ የሚጀመርበት እሁድ ይሁን አሉ።

«ሰሞኑን እያሸነፍን ነው» አሉት ለቢራቱ እየሳቁ። «ሐብቴ ቡድኑ ሲመራ ነፍስህን ስጠኝ ብትለው ይሰጥሃል። ጨዋታው ሦስተኛው ሩብ ላይ ሲደርስ ልጅቷን ይዤልህ እወጣለሁ።»

ወይ ጋሽ እንግዳ! ሽማግሌ ለልመና ሲሄድ ወጉ የታወቀ ነው። በር ላይ ይቆማል፤ ግቡ፣ አረፍ በሉ ሲባል «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል። የሚቀመጠው ልመናው ተሰምቶ፣ ባለቤቱ አስቦበት ተቀመጡ ሲል ነው። ሳይናገር የተቀመጠ ሽማግሌ እንግዳ እንጂ ሽማግሌ አይደለም።

ያን ዕለት ሦስቱም ከረባት አስረው መጡ። ኢያኤል ወጥ ቤት ከእናቷ ከወይዘሮ ሙሉ ጋር ሆና ትሰማለች።

«ኧረ ቶሎ ግቡ፣ ሊጀመር ነው!» አሉ አባቷ። «እንግዳ፣ ና እዚህ ጋ ተቀመጥ!»

ጋሽ እንግዳ አፋቸውን ለመክፈት ሲያስቡ ኳሷ ተመታች። ዐይናቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ፤ እግራቸው ተከተለ። ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ ወንድም ሐጌ ተቀመጡ። ኦቦ ኤዶሳ ብቻቸውን ትንሽ ቆመው ግራ ገባቸውና እሳቸውም ተቀመጡ። ዳቦና ሻይ ቀረበ፤ ተበላ፣ ተጠጣ።

«በሉ እንጂ ተናገሩ» ትላለች ኢያኤል ወጥ ቤት ውስጥ፤ ጥፍሯን ትበላለች።

ቡድኑ ግን የዛን ዕለት አልቀናውም። ወጣቱ ኳርተርባክ ኳሷን አንዴ ለባላጋራ ወረወረ፤ ደገመው። ጋሽ ሐብተማርያም ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«አላልኩህም? ከመጀመሪያው የተፈተነ ሰው መግዛት ነበር!»

«ለልጁ ጊዜ ስጠው!» አሉ ጋሽ እንግዳ፤ የመጡበትን ጉዳይ ጭራሽ ረስተዋል። «እየተሳሳተ ካልተማረ በምን ይማራል? ያንተ ችግር ትዕግሥት የለህም!»

«እኔ ትዕግሥት የለኝም? አንተ ሴት ልጅ ብትኖርህ ለጥሬ ሰው ትሰጣለህ?»

ለካ አባቷ ሽማግሌዎቹ ከገቡ ጀምሮ ለምን እንደመጡ አውቀዋል! ኦቦ ኤዶሳ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ጋሽ ሐብተማርያም፣ እኛ እኮ የመጣነው...»

«አሁን ነው የሚነሱት፣ ኦቦ ኤዶሳ?» አሉ አባቷ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ለልጄ የመጣ ሰው እንዴት ይቀመጣል? ጨዋታ ልታዩ ነው የመጣችሁት። ጨዋታው ደግሞ አላማረም። በሰላም ቤታችሁ ግቡ።»

ሦስቱ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ኢያኤል በሩ ሲዘጋ ሰማች። አለቀ፤ ይበቃናል ያለችው ራሷ ናት። የቢራቱ ፊት መጣባት፤ አሁን የሆነ ቦታ ስልኩን ጨብጦ ይጠብቃል። ከዚያ ንድድ አላት። ከወጥ ቤት ወጣችና ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች።

«ልጄ፣ ዞር በይ።»

«አልልም።»

«ተቀመጪ በቃ።»

«ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እኔ ግን ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም።»

ወይዘሮ ሙሉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሴት ልጅ ለራሷ ሽማግሌ ስትሆን የት ታይቶ ያውቃል? ጋሽ ሐብተማርያም ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«እሺ፣ ተናገሪ። ልጁ ቢወድቅስ?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም? ይኼ መልስ ነው?»

«እውነቱ ስለሆነ ነዋ፣ አባዬ! አክሊል ጥሩ ሰው ነው። የዛሬ አሥር ዓመትም ያው ጥሩ ሰው ነው። ግን ልጠይቀው የምፈልገው አንድ ነገር የለኝም። ቢራቱን ግን ጠዋት ስነሳ ዛሬ ምን ብሎ ይጠይቀኝ ይሆን እላለሁ። ምን ዓይነት ሰው እንደሚወጣው ማወቅ እፈልጋለሁ። ደግሞ ከሰው አፍ መስማት አልፈልግም፤ አጠገቡ ሆኜ ማየት ነው የምፈልገው። ቢወድቅም አጠገቡ ልሁን። በሽተኛ እንኳ ሳክም፣ ምሳ ስበላ፣ መኪና ስነዳ እሱን ነው የማስበው። ምን ላድርግ?»

ከኋላዋ ተመልካቹ በአንድ ጊዜ ጮኸ። አባቷ ግን አንገታቸውን አዘንብለው ለማየት አልሞከሩም።

«አንቺ ስትወድቂ እኔ ማየት አልችልም» አሉ። «በዚያ በረዶ ባስ የነዳሁት አንቺ እንዳትወድቂ ነው፣ ኢያኤል።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

አልተቀመጠችም። ዕንባዋ እየወረደ ቆመች። አባቷም ረጅም ጊዜ ዐይን ዐይኗን አዩ፤ የማያውቁት ሰው ድንገት ቤታቸው የገባ ይመስል አዩዋት።

«ሐብቴ» አሉ ወይዘሮ ሙሉ ቀስ ብለው፣ «ልጅቷ እኮ ቆማለች።»

ጋሽ ሐብተማርያም ሪሞቱን አንስተው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ጨዋታ ሳያልቅ ሲያጠፉ ኢያኤል አይታ አታውቅም። ከዚያ ስልካቸውን አነሱ።

«እንግዳ፣ የት ደረሳችሁ?»

ስልኩ ውስጥ የሰው ጩኸት ይሰማል። «ኧ... እዚሁ ነን» አሉ ጋሽ እንግዳ እየተንተባተቡ። «ፓርኪንጉ ውስጥ። መኪና ውስጥ በሬዲዮ እየሰማን ነበር።»

ወይዘሮ ሙሉ ሳቃቸው አመለጣቸው። ጋሽ ሐብተማርያም አልሳቁም።

«ዝጋውና ተመለሱ» አሉ። «ሽማግሌ መሆን ትችል እንደሆነ ደግሞ ዛሬ አሳየኝ።»

ሦስቱ ጫማቸው ላይ በረዶ እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። ጋሽ እንግዳ ከረባታቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለልጃችን ለቢራቱ» አሉ፣ «ልጃችሁን ኢያኤልን እንድትሰጡን ልንለምን መጥተናል። እሺ ሳትሉን አንቀመጥም።»

አባቷ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ዞረው፣ አሁንም ቴሌቪዥኑ ፊት የቆመችውን ልጃቸውን አዩ።

«ተቀመጡ» አሉ።

ኢያኤልም ያኔ ተቀመጠች።