ስሜ የተጠራበት ዳቦ

ውሸት ነው የምትሉ ካላችሁ ከአሁኑ ተዉትና ሂዱ። አልቀየምም። እኔ ግን ይህን ነገር ያየሁት በዓይኔ በብረቱ ነው፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ።

ጨለማ፣ የጅብ ጩኸት፣ መቃብር ምናምን የምትጠብቁም አትድከሙ። የለበትም።

ዘመኑ 1977 ዓ.ም. ነው። ቦታው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት...

የድሬ ልጅ የሆነ ስምንት ሰዓት ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ሱቅ ዝግ ነው። ጫት የሚቅመው በርጫው ላይ ነው፣ የማይቅመው ተኝቷል። መንገድ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም። ብትጮሁ የሚሰማችሁ የለም።

የሺመቤት እባላለሁ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባታችን የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሲሞት ለእናቴ ለበለጠች ሁለት ልጆች ትቶላት ሄደ። እኔንና ታላቅ ወንድሜን ክፍሉን።

እናቴ ግን የምትቆጥረው አንዱን ብቻ ነበር።

ይህን የምለው በቅናት አይደለም... እሺ፣ ትንሽ በቅናትም ነው። ሥጋው ለእሱ፣ መረቁ ለእኔ። እሱን "ጌታዬ" ትለዋለች፣ እኔን "አንቺ"። ከሳህኔ ላይ እያነሳ ሲበላብኝ ትስቅ ነበር። "ወንድ ልጅ አይደል፣ ይብላ!" ትላለች። ባለጌ ያደረገችው እሷው ናት።

ክፍሉ ሃያ ዓመት ሞላውና ለብሔራዊ ውትድርና ቀበሌ ጠራው።

የተጠራ ልጅ ኦራል የጦር መኪና ላይ ይጫናል። ከሰፈራችን የተጫኑትን ሁሉ በስማቸው አውቃቸው ነበር፤ የተመለሰ አላየሁም። እናቴ እህል መቅመስ አቆመች። ክፍሉን ጀልዴሳ፣ የአባታችን ወዳጆች ዘንድ ደበቀችውና ቁጭ ብላ ማልቀስ ሆነ ሥራዋ።

አንድ ቀን እትዬ ሰርካዲስ ቤታችን መጡ።

እትዬ ሰርካዲስ ከዚራ ውስጥ፣ ኒም ዛፍ የከበበው የተወረሰ ቪላ ከቀበሌ ተከራይተው የሚኖሩ ሴትዮ ናቸው። ነጭ በነጭ ይለብሳሉ። ሲናገሩ ጆሮ ማስጠጋት ያስፈልጋል። አራት ወንዶች ልጆች አሏቸው፣ አራቱም ለውትድርና የደረሱ። አንዳቸውም አልተነኩም!

"በለጠች" አሏት። "አታልቅሺ። ማኅበራችን ግቢ።"

"የማን ማኅበር ነው እትዬ?"

"የእናቶች።"

እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። የሚካኤል ይባላል፣ የማርያም ይባላል... የእናቶች የሚባል ማኅበር ግን ሰምቼ አላውቅም። እናቴም አልሰማችም። ያን ጊዜ ግን ማኅበር የሚጠጣው በሹክሹክታ ነበር። ቀበሌ እንዳይሰማ ሲባል የቅዱሱን ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ የለም። ስሙን ለመደበቅ ነው ብላ አሰበችና ደግማ ሳትጠይቅ ቀረች።

አንዴ ደግማ ብትጠይቅ ኖሮ... ተዉት።

በወሩ ሄዳ ጽዋውን ጠጣች።

ሳምንት ሳይሞላ የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ሰፈሩን ቤት ለቤት አሰሱት። ከቀኝ ጎረቤታችን ልጅ ወሰዱ። ከግራም ወሰዱ። እኛ በር ላይ ደረሱ።

በሩ ክፍት ነው። እኔ ደፉ ላይ ቆሜአለሁ።

አንደኛው ጠባቂ ዓይኑን እኔ ላይ አሳረፈ፤ ግን አላየኝም። እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? ባዶ ቦታ እንደሚያይ ሰው ነው ያየኝ።

"እዚህ ጋ ቤት ያለ መስሎኝ ነበር" አለ ለጓደኛው።

"የለም" አለው።

አልፈው ሄዱ።

እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ክፍሉ ከጀልዴሳ ተመለሰ። ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሸሚዙን ከፍቶ በከዚራ ጥላ ሥር ሲንሸራሸር ማንም "መታወቂያ" አይለውም። እናቴ ሰርክ እትዬ ሰርካዲስን ትመርቃለች። እኔ ግን ያ ጠባቂ ያየኝ አስተያየት ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ።

በሚቀጥለው ወር ዳቦ የማምጣት ተራው የእናቴ ነበርና ተሸክሜላት አብሬያት ሄድኩ።

ስምንት ሰዓት ነው። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቄስ የለም። የንስሐ አባት የሌለበት ማኅበር አይቼ አላውቅም። ግድግዳው ላይ ሥዕል የለም። ይጸልያሉ፣ ግን አንዲት ቃል እንኳ ለይቼ መስማት አልቻልኩም።

ደግሞ ሲጨርሱ "አሜን" የሚለው ድምፅ ከሴቶቹ ብቻ አልነበረም። ከጓዳውም መጣ...

እትዬ ሰርካዲስ ዳቦውን ራሳቸው ቆረሱ። ከዚያ መክፈልት ማውጣት ጀመሩ። መክፈልት መቼም ታውቃላችሁ፣ ከማኅበር ለቀረ ሰው የሚላክ ቁራሽ ነው። ስም እየጠሩ ትሪ ላይ ያስቀምጣሉ።

"ለማዘንጊያ..."

"ለገዲ..."

"ለአለምብርሃን..."

ደነገጥኩ። አለምብርሃን አብራኝ የተማረች ልጅ ናት። ጅቡቲ ገባች ተብሎ ነበር። እናቷ እዚያው ተቀምጣለች፤ የልጇ ስም ሲጠራ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። የአለምብርሃን ወንድም አልዘመተም። ጠዋት ዳቦ ቤት አይቼዋለሁ።

እትዬ ሰርካዲስ የጓዳውን በር በትንሹ ከፍተው ትሪውን ገፋ አደረጉትና መልሰው ዘጉ።

ማኘክ ተሰማ።

የአንድ ሰው አይደለም። የብዙ ሰው ማኘክ ነው፤ ቀስ ያለ፣ አብሮ የሚጀምርና አብሮ የሚያቆም።

"እማዬ... ማን ነው ውስጥ?"

"ዝም በይ።"

"እማዬ!"

"የቀሩት ናቸው። ዝም በይ አልኩሽ!"

ትሪው ሲመለስ ፍርፋሪ እንኳ አልነበረበትም። ርጥብ ነበር።

ያን ቀን ማታ በልቶ ማደር አቃተኝ። ሲነጋ ኡባህ ጋ ሮጥኩ። ኡባህ ግቢያችን ውስጥ የምትኖር ሶማሌ ናት፤ በባቡር የሚመጣ ጨርቅ ትነግዳለች፣ ስትስቅ ግቢው ሁሉ ይሰማታል። ቤቱ የትኛው እንደሆነ ስነግራት ግን ሳቋ ጠፋ።

"አቦ የሺ፣ እዛ ቤት ገባሽ? እናቴ በጃንሆይ ጊዜ እዛ ቤት ልብስ ታጥብ ነበር።"

"እና?"

በሩን ዘጋችና ነገረችኝ።

በዚያን ዘመን ወባ ገብቶ ልጆች ያልቁ ነበር አለች። አንድ ባሕታዊ ነኝ የሚል ሰው በባቡር መጣና እዚያ ቪላ ውስጥ ሴቶች ሰበሰበ። "ከልጆቻችሁ አንዱን ስጡኝ፣ ሌላውን ሞት አያየውም" አላቸው። ሰጡት። ዳቦ ቆርሶ፣ ስም ጠርቶ ይልካል፤ የበላው ልጅ በእግሩ መጥቶ ጓዳ ይገባል። ፖሊስ በሩን ሰብሮ ሲገባ ሰውዬው ብቻውን ተቀምጦ ተገኘ። ልጅ የለም። አጥንት የለም። ልብስም የለም።

"ሰውዬውን ሰቀሉት" አለች። "ሴቶቹን ግን ማን ይነካል? እናቶች ናቸዋ! ዛሬ እትዬ የምትያት ሰርካዲስ የሁሉም ታናሽ ነበረች።"

"እሳቸው እኮ አራት ወንዶች ልጆች አሏቸው፣ ሁሉም ደህና ናቸው።"

ኡባህ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

"ሴቶችም ነበሯት አቦ። አራት።"

እጄን ጨብጣ ይዛ እንዲህ አለችኝ፦ "ከዛ ቤት የወጣ ነገር አፍሽ እንዳይገባ። ወላሂ የሺ፣ ብትሞቺ እንዳትበዪ!"

ሦስተኛው ወር መጣ።

እናቴ ከማኅበሩ ስትመለስ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እኔ ቤት ውስጥ ልብስ እየጣፍኩ ነበር። አጠገቤ ቁጭ አለችና ከነጠላዋ ጫፍ አንዲት ቁራሽ ዳቦ ፈታች።

"እንኪ ልጄ።"

ልጄ! በዕድሜዬ ሙሉ ሰምቼው የማላውቀው ቃል...

"ምንድን ነው?"

"መክፈልት ነው። የአንቺ ነው። ብይ የኔ እመቤት።"

ሰውነቴ በረደ። በዚያ ሙቀት!

"ማን ተብሎ ተጠራ እማዬ? በማን ስም?"

ዓይኗ አፌ ላይ ነው። የራሷ ከንፈር ቀድሞ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሕፃን የሚያጎርስ ሰው እንደሚያደርገው።

"አትጠይቂ። ትንሽ ናት። አንዴ ጎረስ አድርጊ።"

"አልበላም።"

"ለወንድምሽ ስትዪ..." አለችና ቃሉ ካመለጣት በኋላ አፏን ያዘች።

ገባኝ። ምርር ብዬ አለቀስኩ። የማላውቃት ባዳ ብትሆን ኖሮ እንደዚያ አይከፋኝም ነበር፤ እናቴ ናት እኮ!

"ለምን እኔ?" አልኳት።

ምን አለችኝ መሰላችሁ?

"ሌላ ማን አለኝ?"

በሩ ተከፈተ። ክፍሉ ነው። ላቡን በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገ ገባ።

"ራበኝ። ምሳ የለም? ደግሞ ምን ያስለቅስሻል አንቺ?" አለና በመካከላችን ያለውን ዳቦ አየ። "ካልበላሽ እኔ ልብላልሽ!"

እንደ ልማዱ ከፊቴ አነሳትና በአንድ ጉርሻ ዋጣት።

እናቴ ከተቀመጠችበት ስትነሳ አላየኋትም። አንገቱን አንቃ፣ ጣቷን ጉሮሮው ድረስ ስትከት ነው ያየኋት። ጥርሷን ነክሳ ትቧጥጣለች። ከአፉ ደም መጣ።

"ትፋው! ትፋው ጌታዬ! የእሷ ነው! የእሷ ነው እኮ!"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ የእኔ የሆነን ነገር ለእኔ ስትከራከር ሰማሁ።

ክፍሉ መታገሉን አቆመ።

እጇን ከአፉ በቀስታ አወጣው። ጫማውን አወለቀ። በሩን ከፍቶ ወጣ።

"ክፍሉ!" አልኩት። "ወዴት ነው?"

አልሰማኝም። በባዶ እግሩ በሚያቃጥለው አስፋልት ላይ ሄደ። እናቴ ሸሚዙን ይዛ ትጎተታለች። ጉልበቷ ተልጦ ደሙ መንገዱ ላይ ተሰመረ። ሸሚዙ ተቀደደ፣ እሱ ግን እርምጃውን አላፈጠነም፣ አላዘገየም። አንድ መስኮት እንኳ አልተከፈተም። ስምንት ሰዓት ነዋ!

ቪላው ጋ ሳይደርስ በሩ ተከፈተ።

"እሱን አይደለም!" ጮኸች እናቴ። እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። "እሷን ነው የሰጠሁት! እቻትና! እሷን ውሰዱ!"

እትዬ ሰርካዲስ እንደ ወትሮአቸው ዝግ ብለው፦

"የበላው ነው በለጠች" አሉ።

በሩ ተዘጋ።

የአብዮት ጥበቃ ሰዎችን ጠራሁ። ገብተው ጓዳውን ከፈቱት። መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ነው፤ ወለልና ግድግዳ ብቻ። "ወንድምሽ ኮብልሏል፣ አታላግጪብን" ብለው እኔኑ ሰደቡኝ።

እናቴስ? እናቴ ማኅበሩን አልተወችም። ጭራሽ ተራዋን ሳትጠብቅ ዳቦውን እሷ ማዘጋጀት ጀመረች። "ለክፍሉ" ተብሎ የሚገባው ቁራሽ ተለቅ እንዲል ነው። ከእኔ ጋር ግን ያን ወር ሙሉ ቃል አልተነጋገረችም። በሕይወት በመኖሬ ተቀየመችኝ። እኔም ተቀይሜአታለሁ፤ ሞታም አልማርኳትም። የሚታዘበኝ ይታዘበኝ።

በወሩ ተከትያት ሄድኩ። ነጣቂዬም ቢሆን ወንድሜ ነው። ላየው ፈለግሁ።

እትዬ ሰርካዲስ ትሪውን ሊገፉ ጓዳውን ሲከፍቱ ገፍቻቸው ገባሁ። ይከለክሉኛል ብዬ ነበር። ማንም አልከለከለኝም።

ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣሁ ዛሬም አላውቅም። ኡባህ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ስሮጥ አግኝታ ይዛኛለች፤ ያንኑ ዕለት ባቡር ላይ አሳፍራኝ ከተማውን ለቀቅሁ። ጓዳው ውስጥ ያየሁትን ግን ነጥብ ሳልጥል አስታውሳለሁ።

ወለሉ ላይ በተርታ ተቀምጠዋል። ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው። የአለምብርሃንን ሹሩባ ለየሁት። ከእሷ ወዲያ ትንንሽ ጀርባዎች ነበሩ፤ በጣም ትንንሽ... የጃንሆይ ዘመኖቹ ይሆናሉ። የመጨረሻው ሸሚዙ የተቀደደው ነው።

"ክፍሉ..." አልኩ በሹክሹክታ።

ማኘካቸውን አቆሙ። አንድ ላይ።

ከኋላዬ የእናቴ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ለስላሳ ነበር። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፦

"ተቀመጪ ልጄ" አለችኝ። "እሱ ይነሳ።"

ክፍሉ ፊቱን ሳያዞር፣ ሁለት እጁን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ ቀስ ብሎ መነሳት ጀመረ...