ክር የታሰረበት ኩል

ክሩን በመቀስ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

በኋላ ሌላ ሰው ላይ እንዳላሳብብ ይሄን አስቀድሜ ጻፍኩት።

ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ። መርሳ፣ እናቴ ቤት፣ እሁድ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። መብራት አልጠፋም። ውሻ አላላዘነም። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ሴቶቹ ጭብጨባውን ያቀልጡታል...

የታናሽ እህቴ የሀስና ሰርግ ነበር።

ናጅዋ ነኝ። የቻናሉ ነባር ተከታዮች ታውቁኛላችሁ። ኬሚስትሪ ተመርቄ ሥራ ስጠብቅ የሙሽራ ሜካፕ የጀመርኩት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ "ይሄን ግዙ፣ ያንን አትግዙ" እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ።

አቋሜን ታውቃላችሁ። ርካሽ ዕቃ አይናቅም። ፊትን በደንብ ካዘጋጁት ከወልድያ ገበያ የተገዛ ፓውደር ከውዱ አይለይም። ሊፕስቲክም እንደዚያው ነው። ከውዱ ዕቃ ግማሹን የምትከፍሉት ለሳጥኑ ነው። ፋውንዴሽን ላይ ብቻ አትሰስቱ፤ ርካሹ ጠይም ፊት ላይ አመድ ይመስላል።

በእጅ የሚሠራውን ግን አላምነውም ነበር። ውስጡ ምን እንዳለ የተጻፈበት ነገር የለም። መቼ እንደተሠራ አይታወቅም። ማን እንደነካው አይታወቅም።

ማን እንደነካው...

ይሄን ራሴ ነኝ የጻፍኩት፣ አምና። ወደ ላይ ሄዳችሁ ፈልጉት፤ አለ።

ከዚያ እናንተ "ኩልስ? የኩሉን መቼ ነው የምታወዳድሪው?" እያላችሁ ነዘነዛችሁኝ። እሺ አልኩ። ሦስት ኩል ጎን ለጎን፦ ርካሹ እርሳስ፣ ከዱባይ የመጣው ውዱ፣ እና የእጅ ሥራው።

ለእጅ ሥራው የጠየቅኩት ሁሉ አንድ ስም ጠራልኝ። ግራና ከተማ ያሉት እማማ አለሚቱ።

ረቡዕ ጠዋት በባጃጅ ሄድኩ።

እማማ አለሚቱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የኩል ድንጋይ ይወቅጣሉ። ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ዓይን ሲያሳምሩ ኖረው የራሳቸው አያይም።

"አሰላሙ ዐለይኩም እማማ። ኩል ፈልጌ ነበር።"

"ወዐለይኩም ሰላም። የማን ልጅ ነሽ?"

ነገርኳቸው። የአባቴን አባት ያውቁታል። የአባቱንም አባት ያውቁታል። ባጃጁ ጥሩምባ ነፋ።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቸኩያለሁ።"

"የዛሬ ልጅ... ግቢና ራስሽ አውርጂ። መደርደሪያው ላይ ነው። ከታች ካለው ነው ታዲያ።"

ገባሁ። ከታች የተደረደሩት የመድኃኒት ብልቃጦች ናቸው። ወረቀታቸው በግማሽ የተላጠ፣ አስቀያሚ። እነሱን ፎቶ ባነሳ ማን ያይልኛል?

ከላይ ግን አንድ ቀንድ ነበረ። ጥቁር፣ ከመታሸት ብዛት የሚያብለጨልጭ። የእንጨት ውታፍ አለው። ከውታፉ እስከ ታች ነጭ ክር ተጠምጥሞበታል።

ፎቶ ላይ እንዴት እንደሚያምር ወዲያው ታየኝ።

"የቱን አነሳሽ?" አሉኝ ከውጭ።

"አንዱን።"

"ያ ከላይ ያለው እኮ..."

"ገባኝ እማማ! ገባኝ!"

ምንም አልገባኝም ነበር። ባጃጁ ደግሞ ጥሩምባውን ነፋ። ገንዘቡን እጃቸው ላይ አስቀምጬ ሮጥኩ።

ቤት ደርሼ ክሩን ልፈታ ሞከርኩ። ቋጠሮ ነው። ቋጠሮ፣ ከጎኑ ቋጠሮ፣ ከጎኑ ቋጠሮ... ጥፍሬ ተሰበረ።

መቀስ አመጣሁና ጫፉን ቆረጥኩት። ክሩ ከነቋጠሮው በአንድ ጊዜ ተተረተረ። ለፎቶ ይሆነኛል ብዬ ሜካፕ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እጄ አንጓ ላይ ሦስት መስመር አሰመርኩ። የርካሹ በውኃ ለቀቀ። የውዱ በዘይት ለቀቀ።

የቀንዱ በውኃም፣ በዘይትም፣ በአልኮልም አልለቀቀም።

ሐሙስም ነበረ። ቅዳሜም ነበረ።

ታዲያ ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ደስ አለኝ። "ከአሥር ዘጠኝ" ብዬ ጻፍኩ። ያነበባችሁት አላችሁ። አሁን አጥፍቼዋለሁ።

እሁድ ሀስና ከጠዋት ጀምራ ታለቅሳለች። ሴቶቹ የደስታ ነው ይላሉ። እኔ የሚታየኝ የሚወርድ ሜካፕ ነው።

ኒካሑ ሐሙስ ታስሯል። ባሏ ኢዘዲን የወልድያ ልጅ ነው፤ ስምንት ሰዓት ላይ በአምስት መኪና መጥቶ ይወስዳታል። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነበርን። እኔ፣ ሀስና፣ እና ካሜራዋን ይዛ ከወልድያ የመጣችው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ሮዛ።

መጀመሪያ በርካሹ ኳልኳት። የመርሳ ሙቀት ሩብ ሰዓት አልታገሰውም፤ ጉንጯ ላይ ወረደ። ጠርጌ በውዱ ቀየርኩት። ዓይኗን አሳከካት፣ ቀላ።

"ናጁ፣ በቃ ሳልኳል ልሂድ" አለች እየሳቀች፣ እያለቀሰች።

"ሳትኳዪ? ሰው የሚዜዋ ሚዜ ናት ይልሻል።"

"አንቺ ጋ ኩል መች ጠፋ... የጠፋው ባል ነው።"

ሮዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

የሀስና የመጨረሻ ቀልድ እሱ ነበር።

ቀንዱን አወጣሁ። "ወደ ታች እይ" አልኳት። መኳያውን ዓይኗ ውስጥ አሳለፍኩት።

"ይቀዘቅዛል" አለች።

ላቤ እስከ ክርኔ እየወረደ ነው። መኳያው ግን እውነትም ይቀዘቅዝ ነበር... ከጉድጓድ የወጣ ይመስል።

ሁለተኛውን ዓይን ጨረስኩ። እንባዋ ቆመ። ቀስ እያለ አይደለም። ቧንቧ እንደተዘጋ፣ ቀጥ።

ቆንጆ ነበር። መዋሸት አልፈልግም። በሕይወቴ የሠራሁት ምርጥ ዓይን እሱ ነው።

"ስንተኛው ቀን ነው?" አለች።

"እሁድ ነዋ።"

"ቀኑን አይደለም... ስንተኛው?"

"የምን ስንተኛ?"

ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ በጣቶቿ ቆጠረች።

"አርባ አንድ" አለች።

ከዚያ የጆሮ ወርቋን አወለቀች። አንዱን፣ ከዚያ ሌላኛውን። ሐብሏን አወለቀች። በእጇ ጀርባ ሊፕስቲኩን ጠረገችው።

"ሀስና! አብደሻል?"

ቀና ብላ አየችኝ። በአራት ዓመት እበልጣታለሁ።

"አትጩኺ ልጄ" አለችኝ።

"ናጁ..." አለች ሮዛ ከኋላዬ። "ነይ እስቲ።"

"ቆይ።"

"ቆይ አይደለም። ነይ።"

ካሜራውን አሳየችኝ። ሀስና ከመስተዋቱ ፊት፣ ሀስና ከጎን፣ ሀስና ቀና ብላ። ሰባት ፎቶ ነው።

በሰባቱም ዓይኗን ጨፍናለች።

"ጨፍናለች እኮ" አልኩ።

"አልጨፈነችም" አለች ሮዛ፣ በጆሮዬ። "እያየችኝ ነው ያነሳኋት። በስመ አብ... አሁንም ላንሳት?"

አነሳቻት። ሀስና ዓይኗን በልጥጣ ካሜራውን እያየች ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ሽፋሽፍቶቿ ተዘግተዋል... እስከ መጨረሻው። ሰው ሲተኛ እንደሚዘጋው አይደለም። ሲሞት ሰው እንደሚዘጋለት ነው።

ጥጥ በዘይት ነክሬ ዓይኗን ጠረግኩ። ጥጡ ነጭ ሆኖ ወጣ። ደግሜ ጠረግኩ። ነጭ። ሀስና ዝም ብላ ታስጠርገኛለች፤ በሽተኛ የሚያገላብጧትን ሰዎች እንደምትታገስ።

የእማማ አለሚቱን ስልክ ሰው ሰጥቶኝ ነበር። ደወልኩ።

"እማማ፣ ናጅዋ ነኝ። ረቡዕ ኩል የወሰድኩት።"

"ቀንዱን ወስደሻል።"

ጥያቄ አልነበረም።

"ይቅርታ፣ እማማ። የማን ነው?"

"ክሩስ? ክሩ አለ?"

"...ቆረጥኩት።"

"በምን?"

"በመቀስ።"

ሙቀጫው ሲቆም ሰማሁት።

"የእህቴ የቡርቱካን ነው" አሉ። "ባሏ መንገድ ላይ ሞቶባት ዒዳ ገባች። አራት ወር ከአሥር ቀን ሴት አትኳልም፣ አታጌጥም፣ ከቤት አትወጣም። በኛ ሰፈር ባል የሞተባት ኩሏን በክር ታስራለች። በየቀኑ አንድ ትቋጥራለች። ሲያልቅ ራሷ ትፈታዋለች፤ ሌላ ሰው አይፈታላትም። እሷ ሳትጨርስ ሞተች። የሚፈታው ስለሌለ ከላይ ሰቀልኩት።"

"በስንተኛው ቀን ነው የሞተችው?"

"ክሩ እጅሽ ላይ አይደል? ቁጠሪው።"

ቦርሳዬን ገለበጥኩት። ክሩን በጣቶቼ መሃል እያሳለፍኩ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

አርባ።

"እማማ... እህቴን ኩዬበታለሁ።"

"ያ ረቢ... ባል አላት?"

"ኒካሕ ታስሯል። አሁን ሊወስዳት እየመጣ ነው።"

"በመኪና?"

"በመኪና።"

"አስቁሚው" አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። "ልጄ፣ አስቁሚው። ሌላ የማውቀው የለኝም።"

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። አሁንም አምናለሁ አልልም። ግን ደወልኩ።

ኢዘዲን በሁለተኛው ጥሪ አነሳ። ጭብጨባ፣ ጥሩምባ፣ ዘፈን።

"ናጅዋ! ሲሪንቃን አለፍን! ሃያ ደቂቃ ስጪን!"

"አቁም።"

"ምን?"

"መኪናውን አቁመው።"

"ዛሬ እንኳ ልትቆጪኝ ነው? ሰርጌ ነው እኮ።"

"ኢዘዲን፣ በአላህ አቁም!"

እንዲህ ስናገር ሰምቶኝ አያውቅም። ዘፈኑ ቀነሰ። ሹፌሩን "ዳር ያዝ፣ ዳር ያዝ" ሲለው ሰማሁ።

"እሺ፣ ቆመናል። ሀስና ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነችም። ቆይ ብቻ። እዚያው ቆይ።"

"አይሰማኝም፣ ወንዶቹ ይጮሃሉ። ቆይ ልውረድ..."

የመኪና በር ሲከፈት ሰማሁ።

"ይኸው፣ ወርጃለሁ። አስፋልቱ ዳር ነኝ። አሁን ንገሪኝ።"

ትንፋሼን ለቀቅኩ። መኪናው ቆሟል። ተርፏል ብዬ ነበር።

ሀስና ከመስተዋቱ ፊት ተነሳች። የሰርግ ሻሿን አውልቃ የእናቴን አሮጌ ነጠላ ተከናንባለች። መቼ እንዳነሳችው አላየሁም።

"ወረደ?" አለችኝ።

በሹክሹክታ ነው።

ሮዛ ክንዴን ያዘችኝ።

"...አዎ።"

ሀስና ራሷን ነቀነቀች። ቀድማ የምታውቀውን ወሬ እንደነገርኳት።

"ናጅዋ?" አለ ኢዘዲን በስልኩ። "ምን ያህል እንቁም? እዚህ እኮ... ቆይ። ማዶ አንዲት ሴትዮ ቆማለች። ወደኛ ልትሻገር ነው መሰለኝ።"

"ግባ። መኪናው ውስጥ ግባ።"

"ቆይ እንጂ፣ መኪና ይበላታል። እማማ! እማማ፣ ይቁሙ!... ናጅዋ፣ ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍና ነው እኮ የምትሄደው።"

"ኢዘዲን፣ ግባ! ተዋት!"

ነፋስ ብቻ ይሰማኛል። ስልኩ አልተዘጋም። ሰከንዱ ይቆጥራል...

ሀስና ክሩን ከጣቶቼ መሃል ቀስ ብላ ሳበችው። ጫፉን ሳታይ አገኘችው። አንድ ቋጠሮ ቋጠረች። በጥርሷ አጠበቀችው።

እጄን አየሁ። አንጓዬ ላይ የነበረው ጥቁር መስመር የለም።

"እስክጨርስ ማንም እንዳይገባብኝ" አለች።

ነጠላዋን አስተካከለች። በሰርግ ጫማዋ ምንም ድምፅ ሳታሰማ ከክፍሉ ወጥታ ወደ ጓዳ ገባች።

በሩን ዘጋችው።