ጭቃ ያልነካው ቱቦ

የውሃ ተቆጣጣሪው የተገኘው ከብት በሚሻገርበት ቦታ፣ ቁርጭምጭሚት በማይሸፍን ውሃ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ወንዙ ሜዳውን ሲያቋርጥ ድሮም ሰነፍ ነው፤ በዚህ በጋ ደግሞ ጭራሽ ሣንቃ መሸከም አቅቶታል። ሐኪሙ ግን «ሰምጦ ነው የሞተው» አለ።

ባልደረቦቿ በሌለችበት «እሜቴ ዝግታ» የሚሏት መርማሪ ጎንበስ ብላ የሟቹን ኪስ ገለበጠች። በቆመ ውሃ ላይ የሚያድገው አረንጓዴ አልጌ ወጣ። መሻገሪያው ላይ ግን ውሃው ይፈሳል፤ ድንጋዩም ንጹህ ነው። ሰውየው ሌላ ቦታ ሰምጦ ነው እዚህ የደረሰው።

ፖሊሶቹ አንድ ከብት አርቢ ቀድመው ይዘዋል።

«ዝተውበታል አሉ» አለችው።

«ዝቻለሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ከብቶቼ በጥም አለቁ። ወንድሙ ከላይ ወንዙን ገድቦ ሽንኩርት ያጠጣል፣ እሱ ደግሞ ውሃውን ለሁሉም እኩል አካፍላለሁ ይላል። ትናንት ‹የወንድምህን ግድብ ካላፈረስክ አንተን አያድርገኝ› አልኩት።»

«ምን አለዎት?»

«‹ጠዋት አፈርሰዋለሁ› አለኝ። ጠዋት ውሃው መጣ፤ እሱም አብሮ መጣ።»

መርማሪዋ ወደ ላይ ሄደች። የግድቡ የአሸዋ ጆንያዎች ተበታትነዋል፤ ኩሬው የነበረበት ቦታ ጭቃ ብቻ ነው። የውሃው ሞተር ዳር ላይ ተቀምጧል፤ መሳቢያ ቱቦው ተጠቅልሎ ግንድ ላይ ተሰቅሏል። ታናሽ ወንድምየው አጠገቡ ቆሞ ነበር።

«ማን አፈረሰው?»

«አርቢው ነዋ። ተኝቼ ነበር፤ ስነቃ ውሃው የለም።»

«ለማንም አልተናገርክም።»

«ጋሼ ሞቶ ለግድብ ልጩህ እንዴ?»

መርማሪዋ የቱቦውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች። «ሥራ ስትጨርስ ቱቦውን ታወጣዋለህ?»

«አላወጣም። አንዴ ከወጣ አየር ይገባዋል፤ መልሶ ማስነሳት ጣጣ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በወንድማማቾቹ እናት ቤት ሰበሰበቻቸው። አርቢው በሁለት ፖሊሶች መሃል ተቀመጠ፤ ታናሽየው በሩን ተደግፎ ቆመ። እናትየው እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታያለች።

«ሁለት ልጅ ነበረኝ፤ አንድ ቀረኝ» አለች። «ያደረገውን ሰው ንገሪኝና ልረፍ፣ ልጄ።»

«እማማ፣ ልጅዎ የሰመጠው በቆመ ውሃ ነው» አለች መርማሪዋ። «በዚህ ሁሉ ሜዳ ሰው የሚያሰምጥ የቆመ ውሃ የነበረው ግድቡ ጋ ብቻ ነው። አስከሬኑን ወደ መሻገሪያው ያወረደው ግድቡ ሲፈርስ የተለቀቀው ውሃ ነው። የቀረው ማን እንዳፈረሰው ነው። አርቢው ድንገት አፍርሶት ቢሆን ቱቦው ጭቃ ውስጥ ይገኝ ነበር። ከዚያ የወጣ ቱቦ ደግሞ ጫፉ ጭቃ ይለብሳል። ይሄኛው ላይ አልጌ ብቻ ነው የደረቀበት፤ የወጣው ውሃው ሳይሄድ ነው። ውሃው እንደሚሄድ የሚያውቅ፣ ለቱቦውም የሳሳ ሰው ነው ያወጣው።»

ታናሽየው እግሩን ያያል።

«አልነካሁትም» አለ። «ጆንያውን ሊያነሳ ሲል አዳለጠው። ዋና አይችልም። ‹እጅህን ስጠኝ› አለኝ።»

«እና?» አለች እናቱ።

«ሽንኩርቱ ሊደርስ አንድ ውሃ ነበር የቀረው፣ እማ። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ፈራሁ፤ በአርቢው እንዲሳበብ ብዬ ግድቡን ለቀቅኩት።»

ፖሊሶቹ የአርቢውን እጅ ፈቱለት። አርቢው የታሰረበትን አንጓ እያሻሸ ተቀምጦ ቀረ። መርማሪዋ እንዳልተሳሳተች ታውቃለች፤ ደስታ የሚባል ነገር ግን አልተሰማትም።

ታናሽየው ሊወሰድ ሲል እናቱ ተነሳችና የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። ድምፅዋ የሌላ ሰው ጉዳይ የምትጠይቅ ይመስል ነበር።

«እንግዲህ ለየትኛችሁ ላልቅስ?» አለችው።