ደህና ነኝ ካለ

የጠፈር መርከቧ ጨረቃን ዞራ ስትታጠፍ ሁሌም እንደምታደርገው ትንሽ ተንገጫገጨች፤ ትርሲትም ሻይዋ እንዳይፈስ ብርጭቆዋን ከፍ አደረገች። የዘቡን መልእክት ያየችው ያኔ ነው። ዘብ የሚሉት የመርከቧን በሮች የሚጠብቀውን ፕሮግራም ነው። በቧንቧው ክፍል ጋዝ እያፈተለከ ነው፣ በሩ ተቆልፏል፣ ውስጥ ያለው ሰው ደህና ነው ይላል።

ውስጥ ያሉት ጋሽ ደስየለው ነበሩ፤ ያሳደጓት አጎቷ።

ዘቡ ደህና ነዎት ወይ ብሎ ጠይቋቸዋል። እሳቸውም ደህና ነኝ፣ ተመስገን ብለው የእሱንም ጤንነት ጠይቀውታል። የዘቡ ሕግ ግልጽ ነው፤ ሰውየው እርዱኝ ካለ በሩን ክፈት፤ አለዚያ ጋዙ ወደ መኖሪያው እንዳይገባ ዝጋ። ሕጉን የጻፉት ሰዎች እየሞተም ተመስገን የሚል ሰው መኖሩን ረስተዋል፤ ራሳቸው እንዲያ የሚሉ ሆነው ሳሉ። ከዘቡ በቀር ደግሞ በሩን የሚከፍት የለም።

ትርሲት በመነጋገሪያው ለመነቻቸው። “ጋሼ፣ በሞቴ፣ እርዱኝ በሉት።”

“ኧረ እኔ ምን ሆኜ። ሰው አታስቸግሪ” አሉ። ምላሳቸው ግን መተሳሰር ጀምሯል።

የዘቡን ፕሮግራም ከፍታ ሕጉ ላይ አንድ መስመር ጨመረች፤ ደህና ነኝ ካለ እና ትንፋሹ ከደከመ ክፈት። ዘቡ ተቀበለ። በሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ስክሪኑን ስታይ የጋሽ ደስየለው ትንፋሽ አሽቆልቁሏል፤ ዘቡ ደጋግሞ ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸው አይመልሱም። ክው አለች። “እና” ስላለች ሁለቱም መሟላት አለባቸው፤ ዝም ያለ ሰው ደግሞ ደህና ነኝ አላለም። ራሷን እየረገመች መስመሩን አጠፋችው።

በዚህኛው ጊዜ የሰውየውን ቃል ጭራሽ ከሕጉ አወጣችው። ትንፋሹ ከደከመ፣ ምንም ቢል፣ ምንም ባይል፣ የመተላለፊያውን ሌሎች በሮች ዘግተህ ክፈት።

በሩ ተከፈተ። ጭንብል አጥልቃ ገባችና ብብታቸውን ይዛ እየጎተተች አወጣቻቸው። ኦክስጅን ስትሰጣቸው ቆይተው ዐይናቸውን ገለጡ።

“ደህና ነኝ እያልኩት እንዴት ከፈተ?”

“ከእንግዲህ የሰው ቃል እንዳያምን አድርጌዋለሁ፣ ጋሼ።”

ተናግራ ሳትጨርስ አፈረች። ከአሁን በኋላ በዚህች መርከብ የሚደመጠው ትንፋሽ ነው፤ ሰው የሚለውን የሚሰማ የለም። ይህን የወሰነችው ደግሞ እሷ ናት፣ ማንንም ሳታማክር።

ጋሽ ደስየለው እጇን በዳበሳ ፈልገው ያዙ።

“አሞኛል፣ ልጄ” አሉ። “ፈርቼም ነበር።”

ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።